የሕዝብ ሲስተም መፈተኛ፦ ራሳችን እንጻፍ ወይስ ያለውን እንጠቀም?

አወያይ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። ቡና ላይ የተጀመረው ጭቅጭቅ በጽሑፍ ይቀጥል ስለተባለ ይኸው። ላልሰማ ባጭሩ ላስረዳ። ከተማችን ውስጥ ለአንድ ጤና ጣቢያ የካርድ አሰጣጥ ሲስተም የሚሠሩ ልጆች አሉ። ገንዘቡ የሕዝብ ነው። ሲስተሙ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ብዙ መዝጋቢ በአንድ ጊዜ ሲጠቀምበት ምን እንደሚሆን መፈተሽ አለበት፤ እዚህ ላይ ሁሉም ይስማማል። ጠቡ በምን ይፈተሽ የሚለው ላይ ነው። አንዱ ወገን በነፃ የሚገኙትን እንጠቀም ይላል። ሌላው ከቴስት ፍሬምወርኩ (ፍተሻዎቹን ከሚያስኬደው መሣሪያ) ጋር የሚሰካ፣ በብዙ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን በሚሄዱ የሥራ መስመሮች) የሚሠራ የራሳችንን ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) እንጻፍ ይላል። ቴስቱ ሲጀምር አብሮ ይነሳል፣ እንደ ሃምሳ መዝጋቢ ሆኖ ሲስተሙን ያስጨንቀዋል፣ ሲያልቅ ይዘጋል። ለዚህ የሕዝብ ገንዘብ ይውጣ? የጤና ጣቢያውንም የልጆቹንም ስም መጥራት ክልክል ነው። ስድብም።

የቆጪ ልጅ፦
አይውጣ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል። ጄሜተር የሚባለው በነፃ የሚገኝ የጫና መፈተኛ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አለ። እያንዳንዱን ተጠቃሚ በአንድ ትሬድ ይወክላል። 50 ብለህ ትሞላለህ፣ 50 ሰው ሲስተሙ ላይ ይወርዳል። አለቀ። በጃቫ የምትሠራ ከሆነ ቴስትኤንጂ የሚባለው ቴስት ፍሬምወርክ ላይ የትሬድ ቁጥር መስጠት ብቻ ነው። ሌላው የጃቫ ፍሬምወርክ ጁኒት 5ም ቴስቶችን ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ ሳትከፍተው ዝግ ስለሆነ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ። እነዚህን ሁሉ ሞክሮ ያልበቃው ማነው?

ኪቶ ፉርዲሳ፦
እኔ ነኝ ያልበቃኝ። ወንድሜ፣ ጄሜተር ሰርቨሩ እንዳልወደቀና ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይነግርሃል። ሁለት እናቶች አንድ የካርድ ቁጥር ይዘው እንደወጡ ግን በራሱ አይነግርህም። ሰርቨሩ ለሁለቱም «ተሳክቷል» ብሎ መልሷልና ሪፖርቱ አረንጓዴ ነው። የአንዷ የደም ምርመራ ውጤት ሌላዋ ካርድ ላይ ሲገባ ማን ይጠየቃል? የመጋቢት 2016ቱንስ ረሳችሁት? ንግድ ባንክ ላይ ሰው ከሌለው ሂሳብ ገንዘብ ሲያወጣ ያደረበትን ሌሊት? የኛው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይቀር ለቢቢሲ ተናግሯል። በደንብ ያልተፈተሸ ሬስ ኮንዲሽን (ሁለት ሥራ በአንዴ ሲሽቀዳደም ውጤቱ የሚዛባበት ስህተት) ማለት ይሄ ነው።

ቴስተሯ፦
ቆይ ቆይ። ያን ሬስ ኮንዲሽን ነው ያለህ ማነው? ብሔራዊ ባንክ ያለው የጥገናና የፍተሻ ሥራ ሲካሄድ የተፈጠረ ችግር ነው የሚል ነው። ሬስ ኮንዲሽን ነው ሲል አልሰማሁም፤ የማናውቀውን ለክርክር ማሞቂያ አናድርገው። የተረጋገጠ ምሳሌ ከፈለግክ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2003 አሜሪካና ካናዳ ላይ መብራት የጠፋበትን ውሰድ። ወደ 50 ሚሊዮን ሰው ጨለማ ውስጥ ገባ። የጀመረው መስመር ዛፍ ነክቶ ነው። የኦሃዮው መቆጣጠሪያ ክፍል ግን የማንቂያው ሶፍትዌር ሬስ ኮንዲሽን ገጥሞት ዝም ማለቱን አላወቀም። ያ ሶፍትዌር በየቦታው በድምሩ ከ3 ሚሊዮን ሰዓት በላይ ሲሠራ ባጉ (ስህተቱ) አንዴም ብቅ ብሎ አያውቅም ነበር። ኪቶ፣ ሐሳብህን ይደግፍልሃል፣ ውሰደው። ግን እኔ በሌላ ምክንያት የቆጪ ልጅ ጋ ነኝ።

በብዙ ትሬድ የሚሄድ ቴስት ጠባዩ አይታወቅም። ዛሬ ያልፋል፣ ነገ ይወድቃል፣ ኮዱን ማንም ሳይነካው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2016 እንደጻፈው ከቴስቶቹ 16 በመቶ የሚሆኑት እንዲህ ዓይነት መዋዠቅ ይታይባቸዋል። ጎግል ነው ይሄ! እኛ ጋ ቴስቱ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «እስቲ ድገመው» ይባላል። ሲያልፍ ሻይ እንጠጣለን።

የቆጪ ልጅ፦
እህቴ ኑሪልኝ።

መምህር፦
በየዓመቱ የተማሪ ኮድ ላይ የማየውን ላሳያችሁ። ቴስቱ በፓይተን ነው። አሥር ትሬድ ያስነሳል። እያንዳንዱ ካርድ ይቆርጥና ቁጥሩ ለሌላ አለመሰጠቱን በአሰርት፣ ማለትም «ይሄ ካልሆነ ውደቅ» በሚል መስመር፣ ያረጋግጣል። ሁለት ትሬድ አንድ ቁጥር ያገኛል፣ አሰርቱ ይወድቃል። ቴስቱ ግን ያልፋል። ለምን? ሌላ ትሬድ ውስጥ የተነሳ ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) ያንኑ ትሬድ ገድሎ ይቀራል እንጂ ወደ ዋናው አይሻገርም። ጆይን ብላችሁ እስኪጨርስ ብትጠብቁትም ዝም ነው። የፓይተኑ ቴስት ፍሬምወርክ ፓይቴስት ከእትም 6.2 ወዲህ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ማስጠንቀቂያ የሚያነብ ካለ። ሥራውን ከፓይተን ጋር በሚመጣው ኮንከረንት ፊውቸርስ ልካችሁ የእያንዳንዱን ሪዘልት (ውጤት) ብትጠይቁ ግን ኤክሴፕሽኑ ዋናው ትሬድ ላይ ይፈነዳል። ያኔ ቴስቱ በትክክል ይወድቃል።

ሁለተኛው ጣጣ አነሳሱ ነው። ትሬዶቹን በሉፕ አንድ በአንድ ስታስነሱ፣ አሥረኛው እስኪነሳ የመጀመሪያው ሥራውን ጨርሷል። ሳይገናኙ ይተላለፋሉ። «አሥር ሰው በአንዴ ሞክረነዋል» ትላላችሁ፣ የሞከራችሁት አሥር ሰው በተራ ነው። ባሪየር አስገቡ። ሁሉም እዚያ ይጠብቅ፣ አሥሩ ሲሞሉ አንድ ላይ ይለቀቁ። እኔ መጻፉን አልቃወምም። ጽፈው አረንጓዴ አይተው የሚተኙትን ግን እፈራለሁ።

ቴስተሯ፦
መምህር፣ እርስዎ ያሉት ላይ አንድ ልጨምር። ሮቦት ፍሬምወርክ የሚባለውን ሌላ የቴስት መሣሪያ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ከዋናው ትሬድ ውጭ የተጻፈ ሎግ (የሥራ ማስታወሻ) ሪፖርቱ ላይ አይወጣም። ሰርቪሳችሁ ውስጥ ሲኦል ቢነድ ሪፖርቱ ጭር ያለ ነው። የሮቦት ቴስቶችን ጎን ለጎን የሚያስኬደውን ፓቦትን የሠሩት ሰዎች ቴስቶቹን በትሬድ ሳይሆን በተለያየ ፕሮሰስ (ለየብቻው በሚሄድ ፕሮግራም) የሚያስኬዱት ወደው አይመስለኝም።

ካርድ ክፍል፦
ይቅርታ፣ እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። የምሠራው ካርድ ክፍል ነው። ሃምሳ መዝጋቢ ከየት አመጣችሁ? እኛ ያለን ሦስት መስኮት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፉ በር ያልፋል፣ የምንጽፈው ግን ሦስት ሰዎች ነን። ችግሩ የሚመጣው መብራት ሲቆራረጥ ነው። «መዝግብ» የሚለውን ትጫኛለህ፣ ኔትወርኩ ይሄዳል፣ ተመዘገበ አልተመዘገበ አታውቅም። ሲመለስ ሦስታችንም ደግመን እንጫናለን። ሰውየው ደግሞ ሲሰለቸው ወደ ሌላ መስኮት ሄዶ እዚያም ይመዘገባል። ከዚያ አንድ ሰው ሦስት ካርድ ይኖረዋል። እናንተ የምትፈትሹት ይሄንን ነው ወይስ ሌላ?

ኪቶ ፉርዲሳ፦
እንዴ! እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ ይሄ ይበልጣል። የቆጪ ልጅ፣ ጄሜተርህ ጥያቄው ሰርቨሩ ከደረሰ በኋላ መልሱን መንገድ ላይ ቆርጦ ያስቀርልሃል? ከዚያ ሦስቱም መስኮት በአንድ ቅጽበት ደግመው እንዲልኩ ሳታዘጋጅለት በራሱ ያደርጋል? ከዚያስ ዳታቤዝ ገብቶ ለአንድ ሰው ስንት ካርድ እንደተቆረጠ በራሱ ይቆጥራል? የምጽፈው ሰርቪስ ይሄ ነው። በመሃል ይቀመጣል። አንዱ ትሬድ ጥያቄ ይቀበላል፣ ሌላው ያስተላልፋል፣ ሲታዘዝ መልሱን ይውጣል።

የቆጪ ልጅ፦
መጀመሪያ ሲስተሙን አስተካክሉት እንጂ! ኮዱ «የመጨረሻውን ቁጥር አምጣ፣ አንድ ጨምር» የሚል ከሆነ በሃምሳም በሁለትም ይጋጫል። ቁጥሩን ዳታቤዙ ራሱ ይስጥ። ዩኒክ ኮንስትሬይንት፣ ማለትም አንድ ቁጥር ሁለቴ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ፣ ይኑረው። እያንዳንዱ የ«መዝግብ» ጫና የራሱ መለያ ይዞ ይሂድ፤ ያው መለያ ተደግሞ ከመጣ ሰርቨሩ አዲስ ካርድ ሳይቆርጥ የቀድሞውን ይመልስ። ይሄ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሌላ መስኮት ሄዶ የተመዘገበውን ግን ይሄም አይዝልህም፤ እሱ በስልክ ቁጥርና በስም ፍለጋ ነው የሚያዘው። የትኛውም ትሬድ አይፈታውም።

መምህር፦
ትክክል። ግን መለያው መሥራቱን በምን ታውቃለህ? የኮንስትሬይንቱን መስመር አንዱ ልጅ በሚቀጥለው ወር ዳታቤዝ ሲያዛውር ቢያጠፋውስ? በሦስት ትሬድ፣ በባሪየር፣ መልሱ ጠፍቶ ድጋሚ ሲላክ የሚል አንድ ቴስት ያስፈልግሃል። ያንን ዝግጁው ዕቃ እንዳለ አይሰጥህም።

የቆጪ ልጅ፦
ለሱ ሠላሳ፣ አርባ መስመር ይበቃል። እሺ፣ ይጻፍ። እኔ የተቃወምኩት «ሰርቪስ» ተብሎ የትሬድ ፑል፣ ኪው፣ ኮንፊግ፣ ዳሽቦርድ የሚገባበትን ነው። ያን የጻፈው ልጅ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቀን ዴድሎክ ገብቶ፣ ትሬዶቹ እርስ በርስ ሲጠባበቁ፣ ቴስቱ ሳያልፍም ሳይወድቅም ተንጠልጥሎ ያድራል። ማን ይፈታዋል? ካርድ ክፍሏ? ጄሜተርን የሚያውቅ ሰው ጅማ ላይ አላጣም። ያንተን ሰርቪስ የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ። ጥያቄው የሕዝብ ገንዘብ ስለሆነ ነው ይሄን የምለው። በራስህ ላፕቶፕ፣ በራስህ ሌሊት ከሆነ የፈለግከውን ጻፍ።

ኪቶ ፉርዲሳ፦
እንዲህ እያልን ነው ሁሉም ነገር ከውጭ የሚገዛው። 5 ሚሊዮን ኮደሮች ብለን ሰርተፊኬት እንወስዳለን፣ አንዱ ከባድ ነገር ልጻፍ ሲል «ማን ይጠግነዋል» ይባላል። ዴድሎክ የሚማረው ዴድሎክ ያጋጠመው ነው።

ቴስተሯ፦
የካርድ ክፍል ሰልፍ መለማመጃ አይደለም፣ ኪቶ። ግን መሃል ላይ ያለውን ቆራጭ ትሬድ እኔም እፈልገዋለሁ። ሦስት ነገር ብቻ አሟላልኝ። እያንዳንዱ መጠበቂያ የጊዜ ገደብ ይኑረው፤ አሥር ሰከንድ ካለፈ ቴስቱ ይውደቅ፣ አይንጠልጠል። ሲወድቅ የትኛው ትሬድ የት እንደቆመ ይጻፍልኝ። ቴስቱ አልፎም ወድቆም ሰርቪሱ ትሬዶቹን ሰብስቦ ይዝጋ፤ ካልዘጋ ፖርቱን (የግንኙነት በሩን) ይዞ ይቀርና ቀጣዩን ቴስት ያበላሽብኛል።

ካርድ ክፍል፦
እሺ፣ መብራቱን ግን ማን ነው የሚያጠፋው? ሲፈተሽ ማለቴ ነው።

ኪቶ ፉርዲሳ፦
ሰርቪሱ ነው እታለም። መልሱን ሲውጥ ለእናንተ መብራት እንደሄደ ነው የሚታየው።

ካርድ ክፍል፦
ኮምፒውተሩ ራሱ ሲጠፋስ? የጻፍኩት ግማሹ ገብቶ ግማሹ ሲቀር?

መምህር፦
እሱ ሌላ ቴስት ነው። ትራንዛክሽን ይባላል፤ ወይ ሁሉም ይገባል ወይ ምንም አይገባም። ያለ ትሬድም ይፈተሻል። ኪቶ፣ እሱን አስቀድም።

የቆጪ ልጅ፦
ውሉ ላይ ከስድስት ወር በኋላ ጠጋኙ ማን እንደሆነ ይጻፍ። እስከዚያ ድምፄ «አይውጣ» ላይ ነው። አርባዋን መስመር ግን ዛሬ ማታ ላክልኝ፣ አያታለሁ።