የኦድ ስሌት፦ ከ100 በመቶ የሚያልፈውን እንዴት ልቀንሰው?
ሰላም፣ የኦድ ስሌት የገባችሁ እባካችሁ እርዱኝ። በአንድ ጨዋታ ውርርድ ላይ ኦዱ (ግምቱ ከተሳካ ለእያንዳንዱ 1 ብር የሚከፈለው) ለባለሜዳው 2.10፣ ለአቻ 3.30፣ ለእንግዳው 3.50 ሆኖ ተሰጥቷል። 1ን ለየኦዱ ሳካፍል 47.62፣ 30.30 እና 28.57 በመቶ ይመጣል፤ ድምሩ 106.49። ትርፍ የሆነው 6.49 የአወራራጁ ድርሻ መሆኑ ገብቶኛል። ሁሉንም ለ1.0649 ካካፈልኩ የባለሜዳው ዕድል ወደ 44.72 ይወርዳል።

የተያዝኩት እዚህ ላይ ነው፦ ይህ አካሄድ ቅነሳው ለሦስቱም እኩል ነው ብሎ ይነሳል፤ አወራራጆች ግን ብዙ ጊዜ ማሸነፉ በማይጠበቀው ቡድን ኦድ ላይ ይበልጥ ይቆርጣሉ። ታዲያ በምን ቀመር ላስተካክለው? በአንድ ትኬት አራት እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ሲታሰሩማ ይብሳል፤ 1.0649 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1.286 ስለሚሆን፣ ከ100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 78 ብር ገደማ ብቻ ነው። በእነዚሁ ቁጥሮች ሠርታችሁ ብታሳዩኝ በጣም ይረዳኛል።