ከባቲ በታች ወዳለው ደረቅ ሸለቆ ከቤተሰብ ጋር፦ ስንት ሊትር ውሃ፣ ስንት ሰዓት?

የደሴ ቤተሰብ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ፣ ከባቲ በታች ወደ አፋር ቆላ ከሚወርዱት ደረቅ ሸለቆዎች አንዱን በእግር ወርደን በዚያው ቀን ልንመለስ አስበናል። አምስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ13 እና የ9 ዓመት ልጆቻችን፣ የ61 ዓመት እናቴ። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ እግራቸው ግን ጠንካራ ነው፣ ከደሴ በላይ ያለውን የጦሳ ተራራ ሳያርፉ ይወጣሉ። ቁልቁለቱ 500 ሜትር ያህል ነው ተብለናል። ምን ያህል ውሃ እንያዝ? ስንት ሰዓት እንነሳ? ትንሹስ ይችለዋል?

ቁልቁለት (መልስ)

ጦሳን መለኪያ አታድርጉት። ጦሳ ላይ የደከመው ሰው ወደ ቤቱ የሚመለሰው ቁልቁል ነው። ሸለቆ ውስጥ የደከመው ግን ዋናው ሥራ ገና ይቀረዋል፤ ያውም ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። የደጋ ሰው ዳገት ቢለምድም ሰውነቱ ሙቀት አልለመደም፤ ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። 500 ሜትር መውረድ ብቻውን ሦስት ዲግሪ ያህል ይጨምራል፣ ፀሐይ የመታው ድንጋይ የሚመልሰው ግለት ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

ስለዚህ ዋናው ነገር የመመለሻ ሰዓት ነው። ከልጅና ከእናት ጋር ለወረዳችሁበት ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት የመውጫ ሰዓት ያዙ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት መራመድ ጀምሩ፤ ልክ 2 ሰዓት ሲሆን፣ ታች ደረሳችሁም አልደረሳችሁም፣ ዙሩ። ያኔ እስከ 6 ሰዓት ወደ መነሻችሁ ወጥታችሁ ትመለሳላችሁ። «ትንሽ ነው የቀረን» ተብሎ የሚጨመረው ግማሽ ሰዓት በመልሱ አንድ ሰዓት ይሆናል፣ የሚወድቀውም ከቀኑ ክፉ ሰዓት ላይ ነው።

ይህ እንዲሆን ዋዜማውን ባቲ እደሩ። ከደሴ በኮምቦልቻ አድርጎ ባቲ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። በማለዳ ከደሴ ብትነሱ እንኳ መራመድ የምትጀምሩት መዞር በሚገባችሁ ሰዓት ነው። ባቲ ወባ ስላለ አጎበር ያለው ማደሪያ ፈልጉ።

ምናልባት ከዘገያችሁስ? በሙቀቱ መሃል አትግፉ። ጥላ ፈልጋችሁ እስከ 9 ሰዓት ተቀመጡና ከዚያ ውጡ። 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለሚጨልም ለየሰው ባትሪ ያስፈልጋል። የስልክ መብራት አይበቃም፣ ስልኩ ለጥሪ ይቆይ።

የጤና ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

ውሃውን እንደምር። ለስድስት ሰዓት ጉዞ ለአዋቂ 4 ሊትር፣ ለ13 ዓመቱ 3፣ ለ9 ዓመቱ 2 ተኩል፤ ድምሩ 17 ተኩል። መጠባበቂያ ሲጨመር አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ማለት ነው፣ 20 ኪሎ። ይህን ሁሉ እስከ ታች ተሸክሞ መውረድ አያስፈልግም፦ ግማሽ መንገድ ላይ 6 ሊትር ያህል በሃይላንድ ጠርሙስ አድርጋችሁ ጥላ ያለበት ቋጥኝ ሥር አስቀምጡ፣ በድንጋይ ሸፍኑት፣ ለመውጫው ይጠብቃችኋል። ዝንጀሮ ካለ ጠርሙሱ በግልጽ አይታይ።

ውሃ ብቻ ደጋግሞ መጠጣትም ጉዳት አለው። በላብ የወጣው ጨው ካልተተካ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደናገር ይመጣል፤ ሰው የውሃ ጥም መስሎት ሌላ ውሃ ይጨምርለታል፣ ይብስበታል። ጨው ያለበት ቆሎ፣ ዳቦ እየቀመሳችሁ ሂዱ። ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ከሌለ በአንድ ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም በማንኪያው አፍ ልክ የተስተካከሉ። ጨው ማብዛት በተለይ ለልጅ አደገኛ ነው።

እናትዎን በተመለከተ፦ የሚወስዱት መድኃኒት ውሃ የሚያሸና ዓይነት ከሆነ (ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ብዙ ሰው ይወስዳል) በሙቀት ቶሎ ይደርቃሉ፣ ሲነሱም ያዞራቸዋል። ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ስለ መድኃኒቱም ስለ ጨዉም ይጠይቁ፤ በራሳቸው እንዳያቋርጡ። እኔ ብሆን እሳቸው ከግማሽ መንገድ ጥላ በታች ባይወርዱ እመርጣለሁ፣ አብሯቸው አንድ አዋቂ ይሁን።

የሙቀት ጉዳት ምልክቱን ሁላችሁም እወቁ። ደካክሞት ብዙ የሚያልበው፣ የሚያቅለሸልሸው ሰው ጥላ ውስጥ እግሩን ከፍ አድርጎ ይጋደም፣ ቀስ እያለ ይጠጣ። የሚንገዳገድ፣ የማይሆን የሚያወራ ወይም ራሱን የሳተ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ልብሱን አላልታችሁ ያላችሁን ውሃ በሙሉ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፣ ነጠላ አርሳችሁ አልብሱት፣ ያለማቋረጥ አራግቡ። ነፍሱን ላላወቀ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም።

ሳይበሉ ሳይጠጡ በሚዋልበት የጾም ወይም የረመዳን ቀን ይህ ጉዞ አይሞከር። ሌላ ቀን አለ።

የደሴ ቤተሰብ

እግዜር ይስጥልን። ታች ምንጭ አለ ይላሉ፣ ከዚያ ብንቀዳስ?

የጤና ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

ቆጥራችሁበት አትውረዱ። በበጋ ሊደርቅ ይችላል፤ ካለም ከብትና ግመል የሚጠጣበት ነው። ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያ ክሎሪን) አንድ ክዳን ለ20 ሊትር ነው፣ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይፈልጋል፤ ደፍራሽ ውሃ ላይ ደግሞ ኃይሉ ይቀንሳል፣ አስቀድሞ በወፍራም ጨርቅ ይጠለል። ልጆቹ ረጋ ያለ ኩሬ ውስጥ እንዳይገቡ፣ ቢልሃርዚያ በዚህ አካባቢ ቆላ ውሃዎች አለ።

የባቲ ልጅ

አብሽሩ፣ ውሃውን አህያ ትሸከማለች። ከእነባለቤቷ ተከራዩ፤ እሱ መንገዱንም ያውቃል፣ የማን ግጦሽ የማን ውሃ እንደሆነም ያውቃል። ዋዜማውን ለቀበሌው አሳውቁ፣ ስለ ወቅቱ ጸጥታም እዚያው ጠይቁ፤ እንዳትሄዱ ከተባላችሁ አትሄዱም። ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ አህያም መኪናም አይገኝም፣ ቅዳሜ መምረጣችሁ ጥሩ ነው። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ስለማይጠበቅ የመመለሻ ሰዓታችሁን ላይ ለቀረ ሰው ንገሩ፣ እስከ 8 ሰዓት ካልወጣችሁ ሰው ይላክ።

ማንም ያላነሳው ደራሽ ውሃ ነው። እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ በስተምዕራብ ተራራው ላይ የዘነበው ወደ ደረቁ አሸዋ ይወርዳል። በታኅሣሥ ብዙም አይጠበቅም፣ ግን ያለወቅቱ ይዘንባል፤ በበልግና በክረምት ፈጽሞ አይገባም። ተራራው ላይ ጥቁር ደመና ካያችሁ ውጡ። ጭራሮ የያዘ ድፍርስ ውሃ ከመጣ ወይም ጉምጉምታ ከሰማችሁ ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታው ውጡ፤ ወንዙን ተከትላችሁ ቁልቁል አትሩጡ። ምሳም ሆነ ዕረፍት አሸዋው ላይ አይሁን፣ ጥላው ቢያምርም።

ቁልቁለት

ስለ ትንሹ፦ የ9 ዓመት ልጅ መውጣት ይችላል፣ የሚያስቸግረው ሲወርድ መሮጡ ነው። ጉልበቱን እዚያ ይጨርሰዋል። ከሁሉ ቀስ የሚለውን ሰው ከፊት አድርጉ፣ ልጁ ከኋላው ይከተል። ኮንጎና ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ የእግር ጣት ጫፉን ሳይነካ ከፊት ጥቂት ቦታ የሚተርፈው የተለመደ ሸራ ጫማ ይበቃል፣ ጥፍር ከሁለት ቀን በፊት ይቆረጥ፣ አለዚያ ቁልቁለቱ ያጠቁረዋል። ለእናት ከዘራ። እጅ ያላዩት ድንጋይ ሥር አይገባም፣ ጊንጥና እባብ አለ። ታኅሣሥ ሳይደርስ አንድ ቅዳሜ ያንኑ ጭነት ይዛችሁ ጦሳን ውጡና በየሰዓቱ ማን ስንት ሊትር እንደጠጣ ጻፉ፤ ለቆላው በዚያ ላይ ግማሽ ያህል ጨምሩ፣ ከላይ ከተደመረው ካነሰ ግን የላዩን ያዙ።