«ዘው ብሎ ገባብኝ» ሲባል በሩ ተሰብሯል ማለት ነው?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ እንደ መሆኔ፣ ሽማግሌዎች የሁለት ጎረቤታሞችን ጠብ ሲያዩ ቃለ ጉባኤ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ከሳሿ «ምሳ እያቀረብሁ ሳለ ዘው ብሎ ገባብኝ» ስትል እንዳለችው ጻፍሁ። ጽሑፉ ሲነበብ ግን ተከሳሹ «በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ይህ ቃል በር ሰባሪ ያደርገኛል» በማለት አልፈርምም አለ። ለመሆኑ «ዘው» ኃይልን ያመለክታል? «በድንገት ገባ» ብዬ ብለውጠውስ የሴትየዋ ቃል ይጎድላል?

መልስ 1
«ዘው» ስለ በሩ ምንም አይናገርም። በሩን በኃይል ወለል አድርጎ የገባ ሰው «በርግዶ ገባ» ይባላል፤ መቀርቀሪያውን የሰበረ ደግሞ «ሰብሮ ገባ»። «ዘው» የሚናገረው ስለ ገቢው ሰው ነው፤ ደጃፍ ላይ ቆም ሳይል፣ «ቤቶች!» ብሎ ሳይጣራ፣ «ይግቡ» እስኪባል ሳይጠብቅ መግባቱን ይገልጻል። እንዲያውም የተዘጋ በር ሰውን ስለሚያስቆም፣ ዘው የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በክፍት ወይም በገርበብታ በር ነው፤ ስለዚህ የተከሳሹ ማስተባበያ ቃሉን ያጸናዋል እንጂ አያፈርሰውም። «ሰተት ብሎ ገባ» የሚለውም ሳይቆሙ መግባትን ቢያሳይም እርጋታ አለበትና እንግዳን «ሰተት ብለህ ግባ» ብለን እንጋብዝበታለን፤ «ዘው ብለህ ግባ» ማለት ግን ከቅርብ ወዳጅ በቀር ለማንም አይባልም።

መልስ 2
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ቅሬታውን የተሸከመው «ዘው» ብቻ ሳይሆን «ገባብኝ» ላይ ያለችው «ብኝ» ናት። «ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ ዘው ብሎ ገባ» ብንል ወቀሳ የለበትም፤ «ገባብኝ» ሲባል ግን የተናጋሪዋ ቤትና ክብር እንደ ተደፈረ ይሰማል። «በድንገት» ብለው እንዳይለውጡት አደራ እላለሁ፤ ድንገት የሚያመለክተው ያልታሰበ ጊዜን ነውና፣ ከደጅ ተጣርቶ፣ ተፈቅዶለት የገባ ሰውም ሳይጠበቅ ከመጣ በድንገት ገባ ይባላል። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ሳለ እኛ ልጆች ዘው ስንልባት፣ አክንባሎውን እንደ ያዘች ወደ ደጅ ትመልሰንና «ቤቶች» አስብላ ታስገባን ነበር። እያየችን ስለምንመጣ ድንገተኛ አልነበርንም፤ ጥፋታችን አለመጣራታችን ነበር።

መልስ 3
አንዳንዶች በዚህ ቦታ «ጥልቅ አለ» ሲሉ ስለምሰማ አንድ ነገር ልጨምር። «ጥልቅ» ከ«ጠለቀ» የወጣ ሲሆን፣ በይበልጥ የሚስማማው በሰው ወሬ መካከል ሳይጠየቅ ለሚገባ ሰው ነው። «ዘው» ግን የራሱ ግስ ስለሌለው «አለ»ን ተደግፎ ዘው አለ፣ ዘው አለች፣ ዘው አሉ እየተባለ ይረባል። ለታላቅ ሰው «ዘው ብለው ገቡ» ማለት በሰዋስው ትክክል ቢሆንም፣ አንቱታው ነቀፋውን አያለዝበውም።

ጠያቂው
እጅግ አመሰግናለሁ። የሴትየዋን ቃል እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እተወዋለሁ፤ ከሥሩም በሩ ገርበብ ብሎ እንደ ነበርና እንዳልተሰበረ ተከሳሹ የተናገረውን ለብቻው ጽፌ፣ ለሁለቱም አንብቤ አስፈርማለሁ።