እናቴን ከድሬዳዋ ቶሮንቶ በቢዝነስ ክላስ ለማምጣት

ጥያቄ፣ ከቶሮንቶ

የ74 ዓመቷ እናቴ የምትኖረው ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ያን ሁሉ ሰዓት በኢኮኖሚ ወንበር ተቀምጣ መምጣት አትችልም ብዬ ቢዝነስ ክላስ ብጠይቅ፣ ደርሶ መልሱ ከኢኮኖሚው ሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ አገኘሁት። የካናዳ ቪዛ አግኝታለች። አንድ ወዳጄ፣ «እስከ አውሮፓ በርካሽ ትምጣ፤ አትላንቲክን ብቻ በቢዝነስ ክላስ ትሻገር» ብሎ መክሮኛል። በዚህ መንገድ ወላጅ ያመጣ ሰው ካለ ልምዱን ቢያካፍለኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከድሬዳዋ

እህቴ፣ ከዚራ ውስጥ ትንሽ የጉዞ ወኪል ቢሮ ይዤ ቲኬት ስቆርጥ ዓመታት አልፈዋል፤ እንዲህ ያለው ጥያቄም ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። የወዳጅዎ ምክር በሂሳብ ሲታይ ያዋጣል፤ የሚያሰናክለው ፓስፖርቱ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ በሸንገን አገሮች (የጋራ ቪዛ ባላቸው የአውሮፓ አገሮች) አውሮፕላን ማረፊያ ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል፤ የጸና የካናዳ ቪዛ ያለው ከዚህ ነፃ ቢሆንም፣ ነፃነቱ ከትራንዚት ክልሉ ሳይወጣ ለሚያልፍ ሰው ነው። ሁለት የተለያዩ ቲኬቶች ሲሆኑ ግን ሻንጣ ተቀብሎ እንደገና ማስመዝገብ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የመግቢያ ቪዛ የግድ ይሆናል። ለምሳሌ ላ ኮምፓኒ የተባለው የፈረንሳይ አየር መንገድ ከፓሪስ ኦርሊ ወደ ኒውዋርክ የሚበርባቸው አውሮፕላኖች ሙሉ በሙሉ ቢዝነስ ክላስ ሆነው 76 ወንበር ብቻ ያላቸው ሲሆኑ፣ ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ ከትልልቆቹ አየር መንገዶች ያንሳል። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ የሚነሳው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ፓሪስ ላይ የሚያርፈው ሻርል ደጎል ስለሆነ፣ እናትዎ በዚያ ጉልበት ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ከተማውን ሊያቋርጡ ነው። ኒውዋርክ ደግሞ አሜሪካ ነው፤ ሌላ ቪዛ ይጠይቃል።

ይህን የምለው ራሴ ስለተቃጠልኩበት ነው። የገዛ ታላቅ ወንድሜን በሁለት ቲኬት ልኬው፣ የመጀመሪያው በረራ ዘገየና አትላንቲክን የሚያሻግረው ጥሎት ሄደ። ሁለተኛው ድርጅት ስለ መጀመሪያው መዘግየት ምንም ኃላፊነት ስላልነበረበት ቲኬቱ ተቃጠለ፤ ወንድሜም ወጥቶ ሻንጣውን እንዳይፈልግ ቪዛ አልነበረውምና አንድ ሌሊት ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ አደረ። ቁጠባዬ አዲስ የኢኮኖሚ ቲኬት መግዣ ሆኖ ቀረ። ዛሬም ድረስ ቡና ላይ ያነሳብኛል።

ስለዚህ ከድሬዳዋ እስከ ቶሮንቶ በአንድ ቲኬት ይቆረጥ። የአገር ውስጡ በረራ ቢዘገይ እንኳ ቀጣዩን ማስተካከል የአየር መንገዱ ሥራ ይሆናል። ዋጋው የሚቀንሰው ቢዝነስ ክላሱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በማድረግ ነው፤ እኔ የምመርጠውም መሄጃውን ነው። የቦሌ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ ረጅም መንገድ የሚሄድ አውሮፕላን መንገደኛውንም ነዳጁንም ሙሉ ጭኖ መነሳት ይቸግረዋል፤ በዚህ ምክንያት ወደ ሰሜን አሜሪካ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ ሊመጣ ይችላል። ረጅሙና እንቅልፍ የሚነሳው መሄጃው ስለሆነ እናትዎ መተኛት የሚያስፈልጋቸው ያኔ ነው። መሄጃው ቢዝነስ፣ መመለሻው ኢኮኖሚ የሆነ ቲኬት በኢንተርኔት ፍለጋ ብዙ ጊዜ ስለማይወጣ ወኪልን ወይም የአየር መንገዱን ቢሮ በቃል መጠየቅ ይሻላል።

እርስዎ ካናዳ ስለሆኑ ሌላም በር አለዎት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስታር አሊያንስ፣ ማለትም የአየር መንገዶች ኅብረት፣ አባል ነው፤ ኤር ካናዳም እንዲሁ። በኤር ካናዳ የነጥብ ፕሮግራም፣ በኤሮፕላን (ስሙ ከአውሮፕላን ጋር እያምታታ ደንበኞቼን ያስቀኛል)፣ ያጠራቀሙትን ነጥብ በእናትዎ ስም ለኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢዝነስ ክላስ ማዋል ይችላሉ፤ የነዳጅ ጭማሪ ክፍያ አይጠየቅበትም፣ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ታክስና መጠነኛ የአገልግሎት ክፍያ ነው። ለነጥብ የሚለቀቀው ወንበር ግን ጥቂት ስለሆነ ወራት አስቀድሞ መፈለግ ያስፈልጋል። ኢኮኖሚ ገዝቶ በጨረታ አፕግሬድ መሞከር፣ ማለትም ባዶ ለቀረ የቢዝነስ ወንበር ዋጋ አቅርቦ መወዳደር፣ ለወጣት ደህና ነው፤ ካልተሳካ እናትዎ ኢኮኖሚ ውስጥ ይቀራሉና ለእሳቸው አልመክርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከበር እስከ በር መራመዱ የሚያስቸግራቸው ከሆነ ቢዝነስ ክላስ አያሳርፋቸውም፤ የተሽከርካሪ ወንበር አገልግሎት ግን በየትኛውም ክላስ በነፃ ነው፣ ከጉዞው ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድሞ ማስመዝገብ ይበቃል።

ከጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ችግሩ እናቴ የታኅሣሥን ቁልቢ ገብርኤል ሳልሳለም ከድሬዳዋ አልነቃነቅም ብላለች።

መልስ፣ ከድሬዳዋ

እውነታቸውን ነው፤ እኔም አልከራከራቸውም። ነገር ግን የቁልቢ ሁለቱ ንግሦች፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ አንዱ ከፈረንጆች ገና፣ ሌላው ከትምህርት ቤት እረፍት ጋር ስለሚገጥሙ የአትላንቲክ ዋጋ የሚሰቀልባቸው ወቅቶች ናቸው። ለበዓል የመጣው ሰው ከገናና ከጥምቀት በኋላ ሲመለስ ደግሞ የመሄጃው በረራ ይጨናነቃል። ተሳልመው ሲመለሱ ወዲያው አይነሱ፤ ጥርን አሳልፈው በየካቲት ይሂዱ። ያን ጊዜ ዋጋው ረከስ ይላል፤ የሚረክስበትን ምክንያት የቶሮንቶን ብርድ የቀመሱት እርስዎ ያውቁታል፣ እናትዎ የድሬዳዋ ሰው ስለሆኑ ወፍራም ካፖርት ይዘው ይቀበሏቸው። የካቲት ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም የሚገባበት ወር ስለሆነ ቲኬቱ ሲቆረጥ የጾም ምግብ አብሮ እንዲታዘዝ ያሳስቡ። ሦስት አራት አማራጭ ቀኖች ይላኩልኝና በነጥብም በጥሬ ገንዘብም አወዳድሬ እነግርዎታለሁ።