ዩኒቨርሲቲና ኩባንያ አንድ ኮምፒውተር ሲጋሩ፦ በውሉ ምን መቅደም ነበረበት?

ጠያቂ፦ የቀደምት የዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ማዕከላትን አመሠራረት እያጠናሁ ነው። በተለይ የአሜሪካው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤም.አይ.ቲ. ከኮምፒውተር አምራቹ ኩባንያ ከአይ.ቢ.ኤም. ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በ1957 ሥራ ያስጀመረው ማዕከል ትኩረቴን ስቦታል። ኩባንያው 704 የተባለውን ኮምፒውተር ያለ ኪራይ ካቀረበ፣ በምትኩ ያገኘው ምን ነበር? እንዲህ ያለ ማዕከል ሲታቀድስ ከሁሉ በፊት እልባት ማግኘት የሚገባው ጉዳይ የቱ ነው?

መላሽ 1፦ ከሁሉ የሚቀድመው የሰዓት ክፍፍሉ ነው። ማሽኑ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ የሚያስተናግድ በመሆኑ፣ ንብረትነቱ የማን ነው ከሚለው ይልቅ በየትኛው ሰዓት ማን ይሠራበታል የሚለው የተመራማሪውን ዕለታዊ ሥራ ይወስናል። ስለዚህም ቀኑ በፈረቃ ተከፍሎ አንዱ ለኤም.አይ.ቲ.፣ ሌላው በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ለሚገኙት የኒው ኢንግላንድ ኮሌጆች፣ ሦስተኛው ለራሱ ለአይ.ቢ.ኤም. ተመደበ። የማዕከሉ ኃላፊነት ለፊዚክስ ሊቁ ፊሊፕ ሞርስ ተሰጠ። ኩባንያው ከፈረቃው ባሻገር ያገኘው ትልቁ ጥቅም፣ በእርሱ ማሽን ሠልጥኖ የሚወጣው ትውልድ ይመስለኛል።

መላሽ 2፦ በሰዓቱ ጉዳይ እስማማለሁ፤ ሆኖም የሥራው ምስጋና ለማን እንደሚሰጥም አስቀድሞ በጽሑፍ መስፈር አለበት። ሃርቫርድ ማርክ አንድ የተባለውን ቀደምት ኮምፒውተር የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲሶች በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው ኤንዲኮት ሠርተው አጠናቀውት ሳለ፣ ነሐሴ 1944 እ.ኤ.አ. ማሽኑ ሲመረቅ ለጋዜጦች የተሰጠው መግለጫ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲውን ሃዋርድ አይከንን ብቸኛ ፈልሳፊ አድርጎ አቀረበው። የኩባንያው መሪ ቶማስ ዋትሰን እጅግ ተቆጡ፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ግንኙነትም ሻከረ። አምስት ቶን የሚመዝን ማሽን በስጦታ ያበረከተን አጋር በአንድ ገጽ መግለጫ ማስቀየም በእውነት ያሳዝናል።

መላሽ 3፦ የፈረቃው ክፍፍል ፍትሐዊ ቢሆንም ተጠቃሚውን ከወረፋ አላዳነውም። ተመራማሪው ፕሮግራሙን በወረቀት ካርዶች ላይ በቀዳዳ መልክ አስበስቶ ለኦፕሬተሩ ያስረክባል፤ ካርዶቹ ከሌሎች ሰዎች ሥራ ጋር ወደ ማግኔት ቴፕ ይገለበጣሉ፤ ውጤቱም ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ፣ በወረቀት ታትሞ ይመለሳል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ተዘልላ ከሆነ ሁሉም እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪው ጆን ማካርቲ በጥር 1959 እ.ኤ.አ. ለሞርስ በጻፈው ማስታወሻ፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ማሽን በተመሳሳይ ጊዜ የሚሠሩበትን ዘዴ ያቀረበው ይህንኑ ችግር ለመፍታት ነው። የማዕከሉ ተመራማሪ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹም በ1961 እ.ኤ.አ. አሠራሩን በተግባር አሳዩ። ይህ ግን ማሽኑን ራሱን ማሻሻል ይጠይቃል። ስለዚህ እኔ ብሆን ከሰዓቱም ከምስጋናውም በፊት፣ ዩኒቨርሲቲው ማሽኑን ለምርምሩ እንዲስማማ አድርጎ የመለወጥ መብቱን በውሉ አስከብር ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪዎች ለቀጣዩ ሥራቸው ከአይ.ቢ.ኤም. ይልቅ ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለውን ኩባንያ የመረጡት፣ ለዚህ አሠራር የሚመች ማሽን ለመሥራት ፈቃደኛ ሆኖ ስላገኙት ነው።