ነርስ ነኝ፤ ክትባት ወስጄ አለርጂ ጣለኝ። ሦስተኛውን ዙር ልውሰድ ወይስ ልተው?

ነርሷ_ከፒያሳ

ሰላም ለሁላችሁ። በተለይ የጤና ባለሙያ የሆናችሁ እስቲ ሐሳብ ስጡኝ።

መሃል ከተማ፣ ፒያሳ አካባቢ የምሠራ ነርስ ነኝ። የሄፓታይተስ ቢ (በደም የሚተላለፈው የጉበት በሽታ) ክትባት ጀምሬ ነበር። የመጀመሪያውን ስወስድ ክንዴን ትንሽ ከማመሙ በቀር ኮሽ ያለ ነገር የለም። ጉዱ የመጣው በሁለተኛው ነው።

የወጋችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ እየተሳሳቅን። እንደጨረሰች ወደ ክፍሌ ተመልሼ ካርድ ማገላበጥ ጀመርኩ። አስር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ መዳፌን ያሳክከኝ ጀመር። ቀጥሎ የፀጉሬን ሥር፣ ቀጥሎ ከንፈሬን። መስታወት ሳይ የዓይኔ ቆብ አብጧል፣ አንገቴና ደረቴ በቀይ ሽፍታ ተወሯል። "ኧረ ኑ" ብዬ ስጣራ ድምፄ የኔ አይመስልም፣ ጎርንኗል። ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር የተሰነቀረ መሰለኝ። ልነሳ ስል ዞረብኝና ግድግዳውን ይዤ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚያናድደው። ግማሹ "ቁርስ ሳትበላ ገብታ ነው፣ ስኳር በጥብጡላት" ይላል። ግማሹ ውሃ ያርከፈክፍብኛል። አንዷ መስኮት ትከፍታለች። ካኑላ (የደም ሥር ቱቦ) ገባልኝና ሃይድሮኮርቲዞን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ተሰጠኝ። ቆይቶ አንድ ዶክተር ከሌላ ክፍል ሮጦ መጣና "አድሬናሊን ሰጣችኋት?" ሲል ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ጭኔ ላይ ተወጋሁና ትንሽ ሳይቆይ ጉሮሮዬ ለቀቀልኝ። ልቤ ግን ሲደልቅ፣ እጄም ሲንቀጠቀጥ ቆየ። አሁን ደህና ነኝ፣ ተመስገን።

ጥያቄዬ፦ ሦስተኛውን ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ? ምክንያቱስ ምን ሊሆን ይችላል? እስከዛሬ ሰውነቴ እምቢ ያለው መድኃኒት የለም። ሌላው የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ወሬው ግቢውን ማዳረሱ ነው። ልጅ ሊያስከትቡ የመጡ እናቶች ሳይቀሩ "ሲስተር፣ አንቺን እንዲህ ካደረገሽ የኔን ጨቅላማ…" ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

ድንገተኛ_ክፍል

እንኳን ለዚህ አበቃሽ ሲስተር። የነገርሽን ሁሉ አናፊላክሲስ፣ ማለትም ለሕይወት የሚያሰጋ ከባድ አለርጂ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ቆዳሽ ላይ ወጣ፣ ጉሮሮሽን ያዘ፣ ደም ግፊትሽም የወረደ ይመስላል። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ።

ቁርስ ያልበላ ሰው ወይም መርፌ የሚፈራ ሰው ሲወድቅ ሌላ ነው። ይገረጣል፣ ያልበዋል፣ ፐልሱ (የልብ ምቱ) ቀስ ይላል፣ ሲያጋድሙት ቶሎ ይመለሳል። ሽፍታ አያወጣም፣ ከንፈሩ አያብጥም፣ ድምፁ አይጎረንንም። በአናፊላክሲስ ፐልስ ብዙውን ጊዜ ይፈጥናል። ጥርጣሬ ካለ ደግሞ አድሬናሊን ሰጥቶ መሳሳት ይሻላል። ለጤነኛ ጎልማሳ አንድ ዶዝ ጭን ላይ ቢሰጥ ልብ ያስመታል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ከዚያ ያልፋል።

አድሬናሊኑ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ሚሊ ግራም በአንድ ሚሊ ሊትር ከሚለው አምፑል ግማሹ ማለት ነው። ጭን ላይ፣ በጎን በኩል፣ ጡንቻ ውስጥ። ለውጥ ከሌለ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ክንድ ላይ አይደለም፣ ከቆዳ ሥርም አይደለም። በደም ሥር መስጠትማ ለለመደው ባለሙያ ብቻ የሚተው ነው። ሃይድሮኮርቲዞን ለመሥራት ሰዓታት ይፈልጋል፣ ፀረ አለርጂ ኪኒንም ቢሆን ማሳከኩን ነው የሚያበርደው፣ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። እኛ አገር ግን ማን እንዳስለመደን አላውቅም፣ አለርጂ ሲባል እጃችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሃይድሮኮርቲዞን ነው።

ሌላው፣ ታማሚ "ደህና ነኝ" ቢል እንኳ ማስነሳት ክልክል ነው። እግሩን ከፍ አድርጎ ማስተኛት፣ መተንፈስ ካስቸገረው ደግሞ ተቀምጦ እንዲደገፍ ማድረግ ነው። ድንገት ሲቆሙ ደም ወደ ልብ መመለሱ ይቋረጥና እዚያው ላይ የሚያልፍ ሰው አለ። ግድግዳ ይዘሽ ቆምኩ ስትይ ዘግንኖኛል።

ለመሆኑ ስንት ሰዓት አቆዩሽ? ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል እኮ።

ባለሱቁ_ሜክሲኮ

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ሜክሲኮ አካባቢ ሱቅ ነው ያለኝ። ግን አንድ ነገር ልበል፣ አትቆጡ። በኮቪድ ጊዜም እንግሊዝ አገር የተከተቡ የጤና ሠራተኞች ወዲያው እንደታመሙ ሰምተናል። ያኔም "ምንም የለውም" ተባልን። አሁን ነርሷ ራሷ በገዛ መሥሪያ ቤቷ ስትወድቅ እያነበብን ነው። ታዲያ እኛ ተራ ሰዎች ብንፈራ ይፈረድብናል? እህቴ፣ እኔ አንቺን ብሆን ሦስተኛውን አላስበውም።

ድንገተኛ_ክፍል

ወንድሜ፣ መፍራትህን አልፈርድም። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንየው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 2020 እንግሊዝ የፋይዘርን ክትባት ስትጀምር በዚያው ቀን ሁለት የጤና ሠራተኞች አለርጂ ተነሳባቸው። ሁለቱም ከበፊቱ ከባድ አለርጂ ስለነበረባቸው አድሬናሊን ይዘው የሚንቀሳቀሱ ነበሩ። ታከሙ፣ ዳኑም። ማንም አልደበቀውም፤ በማግሥቱ የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በሳምንቱ ደግሞ አላስካ ውስጥ ምንም የአለርጂ ታሪክ ያልነበራት የጤና ሠራተኛ ተከትባ በ10 ደቂቃ ገደማ ያው ነገር ደረሰባት፣ እሷም ዳነች።

አሜሪካኖቹ ከዚያ በኋላ ቆጠሩት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተሰጠው ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጋ የፋይዘር መርፌ 21 አናፊላክሲስ ተገኘ። ከ21ዱ 15ቱ የተነሱት በ15 ደቂቃ ውስጥ ነው። ክትባት ከወሰድክ በኋላ "ትንሽ ተቀመጥ" የምትባለው ለዚህ ነው። የቆዩትን ክትባቶች በጅምላ ካየህ ደግሞ ከሚሊዮን መርፌ አንድ ገደማ ነው። ሲስተር ከሚሊዮን አንዷ ሆነች፣ ያሳዝናል። ግን የኔ ብስጭት ከክትባቱ ጋር አይደለም። የተወጋ ሰው ወዲያው ተነስቶ ሥራ መግባቱና አድሬናሊኑ መዘግየቱ ነው ያበሳጨኝ።

ፋርማሲስት_ለገሃር

እስቲ ወደ ምክንያቱ እንምጣ። የመጀመሪያው በሰላም ማለፉ አይግረምሽ። አለርጂ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ሰውነት መጀመሪያ ያውቀዋል፣ በሌላ ጊዜ ሲያገኘው ነው የሚቆጣው።

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት የሚሠራው በዳቦ እርሾ ውስጥ ነው፣ ጥቂት የእርሾ ፕሮቲን ሊቀርበት ይችላል። ዳቦ ያለ ችግር የምትበይ ከሆነ ግን እኔ እርሾውን ከዝርዝሬ ግርጌ ነው የማስቀምጠው። እንቁላል የሚባለው ወሬ እዚህ አይሠራም፣ እሱ የቢጫ ወባ ክትባት ጉዳይ ነው። ፔኒሲሊን አለርጂ ያለበትም ይህን ክትባት መውሰድ ይችላል።

እኔ የምጠረጥረው ላቴክስ ነው። በአንዳንድ ምርቶች የብልቃጡ ክዳን ወይም የሲሪንጁ ጫፍ የተፈጥሮ ጎማ አለበት። በክትባት በኩል ላቴክስ ሰው ላይ አናፊላክሲስ ማስነሳቱ ብርቅ ነው፣ ነገር ግን ነርስ ነሽ፣ ቀኑን ሙሉ ጓንት ታጠልቂያለሽ። እስቲ መልሺልኝ፦ ጓንት ስታወልቂ እጅሽን ያሳክክሻል? ፊኛ ስትነፊ ከንፈርሽ ያብጣል? አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ፓፓያ ስትበዪስ? የነዚህ ፍሬዎች ፕሮቲን ከላቴክሱ ጋር ስለሚመሳሰል አንዱ የማይስማማው ሰው ሌላውም አይስማማው ይሆናል።

ነርሷ_ከፒያሳ

ወይ ጉድ! ፋርማሲስቱ፣ አፌን አስያዝከኝ እኮ።

ጓንቱ በደንብ ነው የሚያሳክከኝ። በተለይ ያ ዱቄት ያለበት። ጣቶቼ መሃል ቀይ ይሆናል፣ ሁልጊዜ በሳሙናው አሳብቤ ቫዝሊን እቀባለሁ። ጁስ ቤት ገብተን ስፕሪስ ሳዝ ደግሞ ሁሌም "ፓፓያው ይቅርብኝ" ነው የምለው፣ ከንፈሬን ስለሚበላኝ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል፣ ፉከራ ይመስላቸዋል። ከአቮካዶውም ቢሆን ብዙ ስጠጣ ጉሮሮዬ ይከረክረኛል። ይህን ሁሉ እንደ አለርጂ ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

ድንገተኛ ክፍል፣ ያቆዩኝ እስኪመሽ ነው፣ አልተመለሰብኝም። ባለሱቁ፣ አመሰግናለሁ፣ የኔም ልብ እንዳንተው ነው የሚለው። ግን በሽተኛ ደም የነካው መርፌ ቢወጋኝስ የሚለው ደግሞ አያስተኛኝም።

ፋርማሲስት_ለገሃር

አላልኩሽም! እንግዲህ በወሬ ብቻ አይረጋገጥም፣ ምርመራ ያስፈልጋል። አንድ የቆዳ ወይም የአለርጂ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ስትሄጂም ይህን የፓፓያና የጓንት ነገር ሳትረሺ ንገሪው። እስከዚያ ላቴክስ የሌለበት ጓንት፣ ናይትራይል፣ ይሰጡሽ ዘንድ በጽሑፍ ጠይቂ። ከተከተብሽው ብልቃጥ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣ ወረቀት አለ፣ ክዳኑ ላቴክስ ይኑረው አይኑረው እዚያ ላይ ይጻፋል። የባች ቁጥሩንም (አብሮ የተመረተውን ዙር የሚለየውን) መዝግቢ።

ሦስተኛውን በተመለከተ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ አትውሰጂ። ለክትባቱ ከባድ አለርጂ ያሳየ ሰው ያንኑ ክትባት አይደገምም፣ ይህ ደንብ ነው። ጥፋተኛው ክዳኑ ከሆነና ላቴክስ የሌለበት ምርት ከተገኘ ግን ወሬው ይቀየራል። ያኔም ሐኪም ባለበት፣ አድሬናሊን ተስቦ በተቀመጠበት ቦታ ነው።

ጡረተኛዋ_ሲስተር

ልጄ፣ እግዚአብሔር እንኳን አተረፈሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ክትባት ክፍል ነው የሠራሁት።

መጀመሪያ ይህ ነገር ሪፖርት ተደርጓል? ካልተደረገ ዛሬውኑ ይደረግ። ከክትባት በኋላ የሚደርስ ጉዳት ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይላካል፣ ቢጫውን ቅጽ ታውቂዋለሽ። ነፃ መስመራቸውም 8482 ነው። ኃላፊዎችሽ "ስማችን ይጠፋል" ብለው ቢያቅማሙ አትስሚያቸው። አንድ ባች ላይ ሌላም ሰው ታሞ ከሆነ የሚታወቀው ሁሉም ሲጽፍ ነው።

ባለሱቁ ልጄ፣ የኔ ትውልድ ነርሶች ይህን ክትባት ሳናገኝ ነው ያረጀነው። ለሕፃናት እንኳ በፔንታቫለንት (አምስት በአንድ በሆነው ክትባት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ነርሶች በቃላችን የምንይዘው ነገር አለ፦ የተወጋንበት መርፌ የኤችአይቪ ታማሚ ደም ካለበት የመያዝ ዕድሉ ከሺህ ሦስት ገደማ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ሲሆን፣ ላልተከተበ ሰው፣ ከመቶ እስከ ሠላሳ ይደርሳል። ጉበታቸው አልቆ የሄዱ ባልደረቦች አሉኝ። በመጋቢት 2013 የኮቪድ ክትባት መጥቶ ቅድሚያ ለጤና ሠራተኛ ሲባል ስንቱ እንደሸሸ አይቻለሁ፣ ምክንያቱ ይኸው የሰው ወሬ ነበር።

ለእናቶቹ ምን ልበል ላልሽው፣ አትዋሻቸው። "አዎ፣ እኔ ላይ ከባድ አለርጂ ተነስቶብኝ ነበር፣ መድኃኒቱ ተሰጥቶኝ ድኛለሁ። ለዚህ ነው ልጅሽን ካስከተብሽ በኋላ እዚህ አግዳሚው ላይ 15 ደቂቃ የማስቀምጥሽ" በያቸው። ታክሲ እንዳያመልጣቸው የሚቸኩሉት ናቸው የሚያስቸግሩት። እኔ የክትባት ካርዱን 15 ደቂቃው ሳይሞላ አልመልስም ነበር፣ ያለ ካርድ የሚሄድ የለም።

የእናንተ ክፍል አድሬናሊን የት ነው የሚቀመጠው? ተቆልፎ ቁልፉ ማትረኗ (የነርሶች ኃላፊዋ) ጋ ከሆነ እንደሌለ ቁጠሪው።

ነርሷ_ከፒያሳ

እትዬ፣ ቁልፉ የት እንዳለ ከጠየቁኝማ አፍራለሁ። ኢመርጀንሲ ትሮሊው ከኛ ክፍል ሁለት ኮሪደር ወዲያ ነው፣ መሳቢያው ደግሞ ይቆለፋል። ነገ ለኃላፊዬ አቀርባለሁ፣ አንድ አምፑልና ሲሪንጅ በጉልህ ቦታ ክትባት ክፍሉ ውስጥ እንዲቀመጥ። ቢጫውን ቅጽ ራሴ እሞላለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ሁለት ዙር ስለወሰድኩ መከላከያ ኖሮኝ እንደሆነ በደም ይታወቃል ይላሉ፣ እውነት ነው?

ድንገተኛ_ክፍል

እውነት ነው። ከመጨረሻው መርፌ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ይሠራል። ውጤቱ 10 (mIU/mL በሚባለው መለኪያ) እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ሦስቱን እንደጨረሰ ሰው ባትቆጠሪም አሁን ላይ መከላከያ አለሽ ማለት ነው። ላብራቶሪ ስትሄጂ "አንቲ ኤችቢኤስ፣ በቁጥር" ብለሽ ጠይቂ። ዝም ብለሽ "የጉበት ምርመራ" ካልሻቸው ኤችቢኤስ አንቲጅን ሠርተው "ኔጌቲቭ ነሽ" ብለው ይሸኙሻል። እሱ በሽታው እንደሌለብሽ ነው እንጂ መከላከያ እንዳለሽ አይናገርም።