የራስን የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎችና መሣሪያዎች መርጦ ለመጽናት መስፈርቱ ምንድን ነው?

ጠያቂ

ሥራዬ ዳታ ከማዘጋጀት ጀምሮ አነስተኛ የድረ ገጽ አገልግሎቶችን እስከ መገንባት ይደርሳል። ፓይተንን አዘውትሬ እጠቀማለሁ፣ ጃቫስክሪፕትም ብሮውዘር ባለበት ሁሉ ግድ ይላል፣ ባልደረቦቼ ደግሞ ጎ (Go) ወይም ረስት (Rust) የተባሉትን ቋንቋዎች እንድማር ይገፋፉኛል። ለሚቀጥሉት ዓመታት የምጸናባቸውን ጥቂት ቋንቋዎችና መሣሪያዎች መወሰን እፈልጋለሁ። «የትኛው ቋንቋ ይበልጣል?» የሚለው ክርክር አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ መስፈርቱ ነው። ስንት ቋንቋ ይበቃል? አንድ መሣሪያ ዕድሜ እንደሚኖረውስ በምን ይታወቃል?

ሥርወ_ኮድ

ምርጫዎን ከቋንቋ ባይጀምሩ ይሻላል እላለሁ። በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው «ይህ መሣሪያ ነገ ቢቋረጥ በእጄ ምን ይቀራል?» የሚለው ነው። የኮድ ማጋሪያው ድረ ገጽ የጊትሀብ የነበረው አተም የተሰኘው ኤዲተር (የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) በዲሴምበር 2022 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ሲዘጋ፣ ተጠቃሚዎቹ የለመዷቸውን አቋራጭ ቁልፎችና ፕለጊኖች ቢያጡም ኮዳቸው አልተነካም፤ ማንኛውም ኤዲተር የሚከፍተው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነበርና። ማስታወሻውን ወይም ዳታውን በአንድ ፕሮግራም ብቻ በሚነበብ ፎርማት ያስቀመጠ ሰው ግን መሣሪያው ሲቋረጥ ሥራውም አብሮ ይታገትበታል።

ስለዚህ ከታች ያለውን መሠረት አስቀድመው ያጽኑ፤ ይኸውም ተራ ጽሑፍ፣ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት)፣ ጊት (የፋይሎችን ለውጥ የሚመዘግብ መሣሪያ) እና ኤስኪውኤል (ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ) ነው። ጊትን ሊነስ ቶርቫልድስ ለሊኑክስ ከርነል ሥራ በ2005 ጀመረው፤ ኤስኪውኤል በ1970ዎቹ አይቢኤም ውስጥ ተፀንሶ በ1986 በአሜሪካ መደበኛ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። በመካከሉ ስንት ፍሬምዎርክ (ፕሮግራም የሚገነባበት ዝግጁ መዋቅር) መጥቶ እንደ ሄደ ሲታሰብ ይህ ዕድሜ ቀላል አይደለም። ለእርስዎ ዓይነት ሥራ በተለይ ኤስኪውላይት የተባለውን የዳታቤዝ መሣሪያ እንዲያዩት እመክራለሁ። ዳታቤዙ በሙሉ በአንድ ፋይል ይቀመጣል፣ በ2004 የወጣው የሦስተኛው ሥሪት ፋይል ዛሬም ይከፈታል፣ አዘጋጆቹም እስከ 2050 ድረስ ድጋፍ የመስጠት ዕቅድ እንዳላቸው በይፋ አስታውቀዋል።

አጠናቃሪ

በመሠረቱ ላይ እስማማለሁ፤ ይሁንና አብዛኛውን ሰዓታችንን የሚወስደው ቋንቋው ስለሆነ ጥያቄው እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። እኔ አንድን ቋንቋ ከፍጥነቱና ከውበቱ በፊት የምመዝነው፣ ትናንት የተጻፈን ኮድ በሚይዝበት መንገድ ነው። ጎ በማርች 2012 የመጀመሪያውን ሙሉ ሥሪቱን ሲያወጣ፣ በዚያ ሥሪት መግለጫ መሠረት የተጻፉ ፕሮግራሞች በኋለኞቹም ኮምፓይል መደረጋቸው (ወደ ማሽን ቋንቋ መተርጎማቸው) እንዲቀጥል ቃል ገብቷል። ረስት ደግሞ ነባሩን ኮድ የሚሰብሩ የአጻጻፍ ለውጦችን «እትም» በሚላቸው ምዕራፎች ይለያቸዋል፤ የ2015ን፣ የ2018ን፣ የ2021ን ወይም የ2024ን እትም መርጦ መቆየት የፕሮጀክቱ ባለቤት ፈንታ ነው፣ በተለያየ እትም የተጻፉ ላይብረሪዎችም (ዝግጁ የኮድ ስብስቦችም) አብረው ይሠራሉ። ፓይተን በዚህ ረገድ ከባድ ዘመን አሳልፏል፤ ሦስተኛው ሥሪት በዲሴምበር 2008 ወጥቶ የሁለተኛው ድጋፍ የተቋረጠው ገና በጃንዋሪ 2020 ሲሆን፣ በዚያ ረጅም ጊዜ ውስጥ ብዙ ቡድኖች ሁለቱንም ጎን ለጎን ለመደገፍ ተገደዋል። ይህን የማነሣው ፓይተንን እንዲተዉ አይደለም፤ ለዳታ ሥራ ያሉት ላይብረሪዎች ብቻ እንኳ እንዲያቆዩት በቂ ምክንያት ናቸው። ነገር ግን አንድን ቋንቋ ከመምረጥዎ በፊት የተኳኋኝነት ፖሊሲውን ያንብቡ።

በቁጥር ረገድ፣ ኤስኪውኤልን ሳይጨምር ሁለት ቋንቋ በጥልቀት ማወቅ ይበቃል ባይ ነኝ፤ አንዱ ሐሳብን ቶሎ ለመሞከር የሚመች፣ ሌላው ፕሮግራሙ ከመሮጡ በፊት ስሕተትን በኮምፓይለር የሚይዝ ቢሆን መልካም ነው። በጥልቀት ስል፣ የሜሞሪ አጠቃቀሙን፣ የስሕተት አያያዙንና የዲበገር (የስሕተት መፈለጊያ መሣሪያ) አሠራሩን እስከ መረዳት ማለቴ ነው።

ፍተሻ

ከላይ የተሰጡት መልሶች ምርጫው ሙሉ በሙሉ የጠያቂው እንደ ሆነ አድርገው ወስደውታል። በቡድን ለሚሠራ ሰው ቋንቋውን የሚወስነው አስቀድሞ ያለው ኮድ ነው፤ ለብቻ የተመረጠ ቋንቋም ሌላው ሊጠግነው የማይችለውን ኮድ ይተዋል። በግል ሊወሰን የሚችለው ኤዲተሩ ነው። ማይክሮሶፍት በ2016 የላንጉዌጅ ሰርቨር ፕሮቶኮል የተባለውን ኤዲተሮች የሚግባቡበትን ደንብ ክፍት ካደረገ ወዲህ ኮድ የማሟላትና ስሕተት የማመልከት ሥራ ከኤዲተሩ ተለይቶ ሰርቨር በሚባል ሌላ ፕሮግራም ስለሚሠራ፣ አንዱ ቪም የተባለውን ኤዲተር፣ ሌላው ኢማክስን ወይም ቪኤስ ኮድን ቢጠቀም ቡድኑ አይቸገርም።

ጠያቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የፍተሻ ነጥብ ምርጫዬን አጥብቦልኛል፤ ባልደረቦቼ አዳዲስ አገልግሎቶችን በጎ ቋንቋ መጻፍ ስለጀመሩ ሁለተኛው ቋንቋዬ ጎ ይሆናል፣ ፓይተን ለዳታው ሥራ ይቆያል፣ ጃቫስክሪፕትን ብሮውዘር ለሚጠይቀው ብቻ እጠቀማለሁ። ኤዲተሬን ለአሁኑ አልቀይርም፤ የቅንብር ፋይሎቼን ግን ዛሬውኑ ወደ ጊት አስገባለሁ። ረስትን የምመለከተው በጎ ቋንቋ ተጽፎ የሜሞሪ አጠቃቀሙ ከአቅም በላይ መሆኑ ተለክቶ የታወቀ አገልግሎት ሲያጋጥመኝ ነው።